ከበሮው ተራውን ይጠብቃል

የእህቴ ልጅ፣ ያለፈው ቅዳሜ ተማሪሽን ይዘሽ መጥተሽ ዝም ያልኩት ቅር እንዳለሽ ገብቶኛል። ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ነው ተነሥታችሁ የሄዳችሁት። ምን ላድርግ፣ መምህርን በተማሪዋ ፊት ማረም ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። አሁን ደብዳቤ ነውና ማንም አይሰማንም፤ የሆዴን ልንገርሽ።

ልጁ ያንን የራክማኒኖፍ ፕሬሉድ ሲጫወት አንቺ ጣቶቹን ነበር የምታዪው። እኔ ቡፌውን ነበር የማየው። እናትሽ ለሠርጌ የሰጠችኝ ስድስቱ የሻይ ብርጭቆዎች ከመጀመሪያዋ ኖታ ጀምረው ተንቀጫቀጩ፤ እስከ መጨረሻዋም አላረፉም። ከፍ ማለት ያለበት ቦታ፣ ዝቅ ማለት ያለበት ቦታ፣ ልጁ የደከመበት ቦታ፣ ለብርጭቆዎቹ ሁሉም አንድ ነበር። ለእኔም።

«አያ፣ ኃይለኛ ነገር ካልሰጠሽኝ ትምህርቱን እተወዋለሁ ብሎኛል» አልሽኝ በር ላይ ስንለያይ። ልጁን አልፈርድበትም። አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሶናቲናና መልመጃ ሲያመላልስ ከርሟል፤ አሁን ክንዱ ጠንክሯል፣ ድምፁም ጎርንኗል። በዚህ ዕድሜ ነጎድጓድ የማይመኝ ልጅ ቢያጋጥመኝ እሱ ነው የሚያሳስበኝ። ስለዚህ ኃይለኛ ነገር ይሰጠው። ጥያቄው የትኛውን ነው የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ መምህሯ አንቺ እንጂ እሱ አይደለም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲባል ሰምተሻል።

በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ዜማ ነው። ሳሩ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ኖታዎች ናቸው። ወፍራም፣ ከባድ፣ ደወል የመሰሉ፤ ማንም መትቶ ጎረቤቱን ሊያስደነግጥባቸው ይችላል። ልጁም በስልኩ የሰማው እነዚያን ነው። ቀጥለው የሚመጡት ኮርዶች ግን እጅግ ዝቅ ብለው እንዲጫወቱ ነው የተጻፉት፤ እሱ ግን ከሦስቱ ኖታዎች ለይቶ አላያቸውም። መካከሉ ላይ ሩጫው ይመጣል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ኮርዶቹ ከመብዛታቸው የተነሣ ሁለት መስመር አልበቃቸው ብሎ በአራት መስመር ተጽፈዋል። ገደሉ እሱ ነው። ራክማኒኖፍ ይህን ሲጽፍ እ.ኤ.አ. 1892 ነበር፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ፤ ልጅሽም «እሱም ልጅ ነበር» ይልሽ ይሆናል። ልጅስ ልጅ ነበር፤ ግን እጁን ዘርግቶ ከዶ ተነሥቶ ከላይኛው ኦክታቭ ሶል የሚደርስ ሰው እንደነበር ይነገርለታል። በኋላ ዘመኑ ደግሞ በሄደበት አዳራሽ ሁሉ ሕዝቡ ይህችኑ ብቻ እየጠየቀ አስመርሮታል። ሰውየው የሰለቸውን ነው ልጅሽ የተመኘው።

አንድ ነገር ልብ በይ። ልጁ የሚደበድበው ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ የሚመጣውን ገጽ እያሰበ ፈርቶ ነው። የፈሪ ዱላ መጠን የለውም።

ይህን የምነግርሽ ከላይ ሆኜ አይደለም። እኔም በተራዬ ወድቄበታለሁ። አዲስ አበባ ፒያኖ ስማር፣ ሁለተኛ ዓመቴ ላይ፣ የቤትሆቨንን «ፓቴቲክ» ካልተጫወትኩ ብዬ ሙጭጭ አልኩ። እ.ኤ.አ. በ1799 የታተመው ማለቴ ነው። የመግቢያዋ ኮርድ ስትወድቅ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ እኔም በልቤ «ይኸው ጎንደሬ!» አልኩ። መግቢያው ዝግ ያለ ስለሆነ አምሮ አለፈ። ከዚያ ፈጣኑ ክፍል መጣ፤ ግራ እጅ ኦክታቩን ሳያቋርጥ እያርገበገበ የሚሄድበት። ሁለተኛው ገጽ ሳይገለጥ ከክርኔ በታች ያለው ድንጋይ ሆነ። ጣቶቼ የሌላ ሰው ጣቶች ሆኑ። መሀል ላይ ቆምኩ፤ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ፤ ወጣሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ያን ቀን ኮት ከአንድ ጓደኛዬ ተውሼ ነበርና እጅጌው አጥሮ አንጓዬ ወጥቶ ይታይ እንደነበር እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ሰው ውርደቱን ሲያስታውስ ለምን እጅጌውን እንደሚያስታውስ እንጃ።

አያትሽ ከአዲ አርቃይ ወደ ደባርቅ እህል ሲያወጡ በቅሎዋን የሚጭኑት ለሜዳው ልክ አልነበረም። ለሊማሊሞ የመጨረሻ ጥምዝ ልክ ነበር። ጎረቤቶቻቸው «ይህች በቅሎ ሌላ ሁለት ቁና ትችላለች» ሲሏቸው፣ «እዚህ ትችላለች» ብለው ዝም ነው። ዜማ ስትመርጪም እንደሳቸው አድርጊ። ልጁ የመጀመሪያውን ገጽ ቻለ አልቻለ አትይ። ከሥራው ሁሉ ከባዷን ሁለት ሚዠር አውጪና እሷን ብቻ ስጪው። ሳምንት ይለማመዳት። ከዚያ ዝቅ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ይጫወትልሽ። ዝቅ አድርጎ መጫወት ያቃተውን ከፍ አድርጎም አይችለውም፤ ጩኸቱ ይሸፍንለታል እንጂ። እያስጫወትሽው «እናትህ ደኅና ናት?» ብለሽ ጠይቂው። ሳያቋርጥ «ደኅና ናት» ካለሽ ሥራው ልኩ ነው። ትንፋሹን ውጦ ትከሻው ወደ ጆሮው ከወጣ መጽሐፉን ዝጊው፤ ለዓመት ይቆየው።

አሁን ኃይል ስለሚሉት ነገር ላንሣ፤ ምክንያቱም አንቺም ልጁም ኃይልንና ጩኸትን አንድ ያደረጋችሁት መሰለኝ። ከጎንደር ሆኖ ይህን መሳሳት ደግሞ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ነው።

የአቋቋም ተማሪ ከየሀገሩ የሚመጣው እዚሁ ጎንደር በዓታ ለመመስከር ነው። እኔም ከዳባት በልጅነቴ የወረድኩት በዚያው ምኞት ነበር፤ ሳልዘልቅበት በፒያኖ ተጠለፍኩ እንጂ። አንድ የበዓል ሌሊት ገብተሽ ቁሚ፤ ልጁንም ጋቢ አልብሰሽ ውሰጂው። ሊቃውንቱ ሲጀምሩ ምንም ነገር አይመታም። ቁም ዜማ ነው፤ ድምፅ ብቻ። ከበሮው ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ወጣት ደብተራ እጁን ቆዳው ላይ አሳርፎ ይጠብቃል፤ አይመታም። ከዚያ ዝማሜው ይመጣል፣ መቋሚያው ወዲያና ወዲህ ማለት ይጀምራል። አሁንም ከበሮው ዝም። መረግድ ላይ ሲደርስ ነው ጸናጽሉ የሚነሣው፣ ከበሮውም ገና ቀስ ብሎ የሚገባው፤ አንድ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ። በጽፋት ጊዜ ጭብጨባው ሲፈጥንና ከበሮው ሲነሣ እልልታው ያለ ትእዛዝ ከሴቶቹ ወገን ይፈነዳል። የደረትሽ አጥንት ሲንቀጠቀጥ ይሰማሻል። ግን ልብ ብለሽ አድምጪ፤ ከበሮው ከመንገድ ዳር ድምፅ ማጉያ አይበልጥም እኮ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይመታ በመቆየቱ ነው ተራራ የሆነው። ዝም አይነቅዝም።

ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም የንጉሡ ጦር እግሩ ላይ ተተክሎ ደሙ ሲፈስስ፣ አዚያሚውም ሰሚውም አላወቁም የሚለውን ትውፊት ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ሰምተሽዋል። ጮኸ ግን የሚል ሰምተሻል? እኔ አልሰማሁም። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ንጉሡን ተሰናብቶ ወደ ስሜን ተራሮቻችን ነው የመጣው፤ ከሰው ርቆ፣ ዜማውን ሲያስተምር እዚያው አለፈ ይባላል። ጦር የማያሰማ ዜማ ወደ የትኛው ሰፈር ለመመነን እንደመጣ ለልጁ ንገሪው፤ ደጋ ላይ ሆኖ ትልቅ ነገር ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ እንዳይመስለው።

እንግዲህ ምርጫዬን ልንገርሽ። የሾፓንን ፕሬሉድ ስጪው፤ ኦፐስ 28፣ ቁጥር 20፤ ዶ ማይነር። እናንተ የዛሬ ልጆች በእንግሊዝኛው ሲ ማይነር ነው የምትሉት፤ እኛ ሶልፌጅ የተማርነው ግን ሲ ስትሉን ሌላ ኖታ ስለሚመጣብን ተዉን። አሥራ ሦስት ሚዠር ነው፤ አንድ ገጽ አይሞላም። ልጁ ሲያየው «ይቺ?» ይልሻል። ዝም በይና መጀመሪያ አንቺ ተጫወችለት።

አራቱ የመጀመሪያ ሚዠሮች ፎርቲሲሞ ናቸው፤ ሙሉ ኮርድ በሙሉ ኮርድ ላይ፣ ዝግ ባለ እርምጃ፣ የቀብር ሰልፍ መስሎ። ነጎድጓዱን እዚያ ያገኛል፤ ገና ከበሩ። ቀጣዮቹ አራት ወደ ፒያኖ ይወርዳሉ። ከዚያ እነዚያው አራት፣ ያው ኖታ፣ ያው ኮርድ፣ በፒያኒሲሞ ይደገማሉ፤ ወደ ማለቂያው ትንሽ ይነሡና በአንዲት ረጅም ኮርድ ያበቃል። ምቱ ከመጀመሪያው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሚዠር አይለወጥም። ሩጫ የለበትም፤ ጣቱ የሚጠፋበት ቦታ የለም። የልጁ ጉልበት ሁሉ ለድምፁ ይተርፋል። እኔ የምፈልገው ትራፊውን ነው፤ ኃይል የሚባለው ከሥራው የተረፈው ነውና። ራክማኒኖፍ ራሱ በኋላ በዚህችው ፕሬሉድ ላይ ረጅም የቫሪያሲዮን ሥራ ጽፏል፤ ልጁ የሚወደው ሰው የወደዳት ናት በይው፤ ያንን ሲሰማ ዓይኑ ይከፈታል።

ስታስተምሪው ከማለቂያው ጀምሪ። ፒያኒሲሞውን አስቀድሚ። ሰው ሁሉ ከላይ ጀምሮ በጩኸት ይማርና፣ ዝቅ ማለቱ ሲመጣ እጁ አያውቀውም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ዘጠነኛውን ሚዠር ይዞ ሳምንት ይቀመጥ። ከአራቱ የቀኝ እጅ ጣቶች ትንሿ ጣት ትዝፈን፣ ሌሎቹ ከበስተኋላዋ ይቁሙ፤ እንደ መሪና እንደ ተቀባይ። ግራ እጁ ከዶ ተነሥቶ በግማሽ በግማሽ ድምፅ እየወረደ የሚሄድበትን ቦታ ለብቻው ይጫወተው፤ የሊማሊሞ ቁልቁለት ነው፣ አንድ ጥምዝ ሳይዘለል። ኦክታቩ እጁን ካስጨነቀው የላይኛውን ኖታ ይተዋትና የታችኛዋን ብቻ ይያዝ፤ ሾፓን አይሰማም። ፔዳሉን በየኮርዱ ይለውጥ። ያለዚያ የአንዱ ኮርድ ጭራ የሌላውን ራስ ይረግጥና ጭቃ ይሆናል።

ስለ መሣሪያው ደግሞ። አንቺ ዘንድ ያለው ኪቦርድ ስድሳ አንድ ቁልፍ ነው፤ ፒያኖ ሰማንያ ስምንት ነው። የታችኛው ዘርፍ የለሽም፤ ይህ ዜማ ደግሞ ሥሩ ያለው እዚያው ታች ነው። ከዚያም በላይ ቁልፉ ጠንክሮ ሲመታና ለስልሶ ሲነካ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ፣ በዚያ ላይ ፒያኒሲሞ ማስተማር ላም አለኝ በሰማይ ነው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን የእኔን አሮጌ ፒያኖ ይጠቀም። እሷም ነውር አላት፤ ክረምት ሲገባ እንጨቷ እያበጠ፣ በበጋው ደረቅ ነፋስ እየሰለለ፣ ቅኝቷ ከወር ወር አንድ አይሆንም። አይፍራት። ሾፓንም እነዚህን ሃያ አራት ፕሬሉዶች የጨረሰው እ.ኤ.አ. በ1838 እና 39 ክረምት፣ ማዮርካ በምትባል ደሴት፣ በአንድ የተተወ ገዳም ክፍል ውስጥ ነው። ጥሩው ፒያኖው ጉምሩክ ይዞበት ለብዙ ሳምንታት በደሴቲቱ በተገኘ ደካማ መሣሪያ ነበር የሚሠራው። ጉምሩክ እዚያም ጉምሩክ ነው።

ሁለት ባላ ትከል አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ነውና ሌላም ያዢ። ከዚያው ስብስብ ቁጥር 4፣ ሚ ማይነር። ቀኝ እጅ አንዲት ኖታ ይዞ ይተክዛል፣ ግራ እጅ ከሥሩ ኮርዱን ቀስ እያለ ይለዋውጣል፤ መሀል ላይ አንዴ ብቻ ይፈነዳና ይጠፋል። በሾፓን ቀብር ላይ፣ እ.ኤ.አ. 1849፣ ፓሪስ፣ በኦርጋን ከተጫወቱት አንዱ ይኸው ነው። የሞዛርትን የሬ ማይነር ፋንታዚያ የሚመክሩሽ ይኖራሉ። ድንቅ ነው፤ ድንገት የሚወረወሩትን ሩጫዎች ግን ለሚቀጥለው ዓመት ተያቸው። የጨረቃ ብርሃን የሚሉትን የቤትሆቨን ሶናታ ሦስተኛ ክፍል የሚመክርሽ ካለ ደግሞ ቡና አጠጪውና ሸኚው።

የመጨረሻውን ነገር ሳልጽፍልሽ ልተወው ነበር፤ ልጁ ለዚህ አልደረሰም ብዬ። ግን አሰብኩበት። ሾፓኑን ከጨበጠ በኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አሰሚው። «ይሄ ረጋ ያለ ነው፣ ኃይል የለውም» ይልሻል። እንዲያ ሲልሽ ታሪኩን ንገሪው።

አባታቸው ገብሩ ደስታ ይህችን ጎንደርን በከንቲባነት ያስተዳደሩ ሰው ነበሩ። ልጅቱ እ.ኤ.አ. በ1923 ተወልዳ በስድስት ዓመቷ ስዊዘርላንድ ተላከች፤ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማረች። በጣልያን ወረራ ዘመን ከቤተሰቧ ጋር ተግዛ ጣልያን አገር ታሰረች። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ወርዳ ከአንድ ፖላንዳዊ መምህር ዘንድ ቀን ከሌት ተለማመደች። በልጅሽ ዓይን ካየነው፣ ነጎድጓዱን ሁሉ ልትጫወት የሚያስችል ጣት ነበራት። እሷ ግን በሃያ አንድ ዓመቷ መነኮሰች፤ ግሸን ማርያም ላይ በባዶ እግሯ ዓመታት ኖረች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደግሞ እዚህ ጎንደር መጥተው የያሬድን ዜማ አጠኑ። (አየሽ፣ ከመነኮሱ በኋላ አንቺ ማለት አልሆንልህ አለኝ።) በየማለዳው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከቅጥሩ ሥር ሜዳ ላይ ተኝተው የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች ያዩ ነበር። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ያላቸው ፒያኖ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ሄደው የመጀመሪያውን ሸክላቸውን አስቀረጹ፤ ገቢው ለችግረኞች እንዲሆን።

እኔ በዚያን ዘመን ከነዚያ ተማሪዎች አንዱ ነበርኩ። አኩፋዳ በትከሻዬ፣ ለምድ በጀርባዬ፤ ሌሊት ላይ የጎንደር ውርጭ ከድንጋዩ ወደ ጎን አጥንት ሲገባ አውቀዋለሁ። እሳቸውን በዓይኔ አላየኋቸውም፤ ያኔ እኔ ከማየው ይልቅ የምለምነው በር ነበር የሚበዛው። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ሸክላውን ስሰማ፣ ግራ እጃቸው ሲንከባለልና ቀኝ እጃቸው እንደ አራራይ ዜማ ሲሰበር፣ ያ ውርጭ ተመልሶ ጎኔ ውስጥ ገባ። አንድም ቦታ አልጮኹም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ላይ በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው ሲያርፉ እዚህ ቤት ሻማ አብርቻለሁ፤ ሚስቴ «ማን ሞተብህ?» አለችኝ።

ልጁ ይህን በጆሮው ይያዘው፤ በኖታ አትስጪው። ምቱ በሜትሮኖም አይያዝም፤ እንደ ዜማው ከአፍ ወደ ጆሮ ይሂድ። የግርማ ይፍራሸዋን «አምባሰል»ም ጨምሪለት፤ ሶፊያ የተማረ እጅ የሀገሩን ቅኝት ፒያኖ ላይ ሲያሳርፍ ይስማ። ግን ቪዲዮ እያየ የሌላውን ሰው የራስ አነቃነቅ እንዳይቀዳ ጠብቂው። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

እምቢ ካለስ? ራክማኒኖፍን አንሺና መጽሐፍ መደርደሪያሽ ላይ ልጁ በሚያየው ቦታ አቁሚለት። ቀን ወስኚለት፤ የዛሬ ሁለት ዓመት መስከረም በይው። ወላጆቹም ልጃችን ምን ያህል ከባድ ነገር ይጫወታል ብለው ይጨቀጭቁሻል፤ ክፍያውን የሚከፍሉት እነሱ ስለሆኑ መናገር ይከብድሻል፣ አውቃለሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም በያቸው፤ ጎንደር ላይ ይህንን የማይገባው ወላጅ የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት ይዘሽው ነይ። ክረምቱ ስለወጣ የፒያኖዋ እብጠት ትንሽ ቀንሷል፤ የሚጣበቀውን የታችኛውን ፋ ደግሞ አናጢው ጎኑን ሞርዶልኛል፤ የሾፓን ሁለተኛዋ ኮርድ እሱን ስለምትፈልግ ነው ያቻኮልኩት። ብርጭቆዎቹን ግን ከቡፌው አላነሣሁም። ልጁ አራቱን ሚዠር እንደልቡ ያንቀጫቅጫቸው፣ አይከፋኝም። ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ጆሮሽን ወደ ቡፌው ጣል አድርጊ።